የድሮ ጌም በፍላት ቲቪ፦ በትንሽ ብር የትኛውን ኮንሶል (የጌም ማሽን) ልግዛ? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው ምኖረው፣ ከዛ በፊት ጀሞ አራት ቲቪ ያላት ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረችኝ። ቤቷ ከተዘጋች ቆየች፣ ጥያቄው ግን አልቆመም። ደረጃ ላይ አስቁመው ሚጠይቁኝ ጎረቤቶች አሉ፣ የቲቪያቸውን ጀርባ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ሚልኩልኝ አሉ፣ ብራቸውን ከፍለው ከገዙ በኋላ "ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ይሆናል?" ብለው ሚመጡት ደግሞ በጣም ነው ሚያሳዝኑኝ ምክንያቱም አምስት ደቂቃ ቀድመው ቢጠይቁኝ ብሩ ይተርፋቸው ነበር። ስለዚህ ሚደጋገሙትን እዚህ ሰብስቤ መለስኳቸው። ዋጋ በብር አልጻፍኩም፣ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ ምጽፈው ዋጋ በወሩ ሰው ያሳስታል፣ የቱ ርካሽ የቱ ውድ እንደሆነ ግን እናገራለሁ።

ፍላት ቲቪ ገዛሁ፣ የድሮ ጌም መጫወት አማረኝ። ከየት ልጀምር?

ከሱቅ አትጀምሩ፣ ከቲቪያችሁ ጀርባ ጀምሩ። የስልካችሁን መብራት አብሩና ከኋላና ከጎን ያሉትን ቀዳዳዎች እዩ። ጠፍጣፋ ሆና ታች በኩል ጠበብ ያለችው ኤችዲኤምአይ ናት፣ ስንት እንዳለች ቁጠሩ። ርካሽ ቲቪ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ናት፣ አንዷን የዲሹ ሪሲቨር ይዟታል፣ ስለዚህ አንድ ቀረቻችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ክቦቹን ፈልጉ፣ ኤቪ ሚባሉት። አዳዲሶቹ ቲቪዎች ላይ ሶስቱ ክቦች ላይኖሩ ይችላሉ፣ በነሱ ፋንታ የኢርፎን ቀዳዳ ምትመስል አንዲት ቀዳዳ ኤቪ ተብሎ ተጽፎባት ታገኛላችሁ። ለሷ ሚሆነው አጭር ኬብል ከቲቪው ካርቶን ውስጥ ይመጣል፣ አብዛኛው ሰው ከካርቶኑ ጋ ይጥለዋል። እባካችሁ አትጣሉት፣ ምክንያቱም ሌላ ስትገዙ ቅርጹ አንድ ሆኖ የውስጥ ሽቦው አቀማመጥ ከቲቪ ቲቪ ይለያያል፣ ያኔ ድምጹ ይጮሃል ምስሉ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። አንዳንዱ ቲቪ ጭራሽ ኤቪ የለውም፣ እዛ ላይ በኤችዲኤምአይ ሚሰራ ነገር ብቻ ነው ምትገዙት።

ድሮ እቤት የነበረውን ቲቪ ጌም አውጥቼ ሰካሁት፣ ምስሉ ጭቃ ሆነብኝ። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። የነዚህ ቲቪ ጌሞች ሁሉ አባት የጃፓኑ ኩባንያ የኔንቲዶ ፋሚኮም ነው፣ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1983 ነው የወጣው፣ እኛ ጋ በየሰፈሩ የነበሩት ባለ ካሴቶቹ ቲቪ ጌሞች አብዛኞቹ የሱ ኮፒ ናቸው። ሚያወጣው ምስል ወደ ጎን 256፣ ወደ ታች 240 ነጥብ ነው፣ የዛሬው 4ኬ ቲቪ ደግሞ 3840 በ2160 ነው። ቲቪው ያችን ትንሽ ምስል ጎትቶ ስክሪኑን ሊሞላ ሲሞክር ነው ሚደበዝዘው። በዛ ላይ ቢጫው ሽቦ ቀለሙንም ብርሃኑንም አንድ ላይ ቀላቅሎ ነው ሚልከው ስለዚህ ቀዩ ቀለም ዳሩ ይፈስሳል። ሌላም አለ፣ ብዙ ፍላት ቲቪ ይሄን የድሮ ምልክት ከሌላ አይነት ጋ ያምታታውና መሃል ላይ ሚንቀሳቀሰው ነገር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ያ ከኋላው ወፍራም የሆነው የድሮ ቲቪ ላይ ይሄ ሁሉ የለም፣ ጌሙም የተሰራው ለሱ ስለሆነ። ካላችሁ እና ቦታ ካልፈጀባችሁ ለቆራሌ አትስጡት፣ ለድሮ ኮንሶል ከሱ የተሻለ ስክሪን የለም።

ሰዎቹ ወፍረው ከታዩ ደግሞ ቀላል ነው፣ በሪሞቱ የምስል መጠን ውስጥ ግቡና 16 በ9 ሚለውን ወደ 4 በ3 ቀይሩት። ግራና ቀኝ ጥቁር ይሆናል፣ ልክ ነው፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት።

በተን ስጫን ዘግይቶ ነው ሚዘለው። ጆይስቲኩ ነው?

መጀመሪያ ቲቪውን ጠርጥሩ። ጌሙ በሰከንድ 60 ምስል ነው ሚያወጣው፣ ማለትም አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል። ቲቪው ምስሉን ላሳምር ብሎ ቀለም ሲያስተካክል፣ እንቅስቃሴ ሲያለሰልስ አንዳንዴ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል። ስድስት ምስል አመለጣችሁ ማለት ነው፣ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ስድስት ምስል ማለት ሞት ነው።

ከታች ፎቅ ያለ ልጅ ጆይስቲክ ሶስት ጊዜ ቀይሯል በዚህ ምክንያት። ሄጄ ሪሞቱን ተቀበልኩት፣ ሴቲንግ፣ ፒክቸር፣ ምስል ሞዱ "ቪቪድ" ላይ ነበር፣ "ጌም" ሚለው ላይ አደረግኩት። ቀለሙ ትንሽ ፈዘዝ አለ፣ ልጁ ፊቱን አጨማደደ፣ ከዛ አንዴ ዘለለ። ዞር ብሎ አየኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም፣ መጫወት ቀጠለ። ሞዱ እናንተ ቲቪ ላይ ከሌለ ሹል ማድረጊያውን (ሻርፕነስ)፣ ማለስለሻውን፣ ኖይዝ መቀነሻውን አንድ በአንድ አጥፉ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ይሻላል። ከዛ በኋላ ካልተስተካከለ ነው ወደ ጆይስቲኩ ምትሄዱት፣ ዋየርለሱ ላይ ድንጋዩ ሲደክምም ይዘገያል።

"4ኬ፣ 10,000 ጌም" ሚለው ፍላሽ ምትመስለው ጌም ስቲክስ? በጣም ርካሽ ናት።

ይሄ ነው በብዛት ሚጠየቀው ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

መጥፎ እቃ ናት አልልም። ቲቪው ኤችዲኤምአይ ላይ ትሰካላችሁ፣ ሁለት ዋየርለስ ጆይስቲክ አላት፣ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ከሁሉም ርካሿ እሷ ናት። ግን ካርቶኑ ላይ ያለውን አትመኑ። 4ኬ ሚለው ለሽያጭ ነው፣ ጌሞቹ ራሳቸው እላይ እንዳልኩት ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው፣ 4ኬ ቲቪ ላይ ይሰራል ማለት እንጂ 4ኬ ምስል ይሰጣል ማለት አይደለም። 10,000 ሚለውም ያው ነው፣ አንዱ ጌም በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ አንዳንዴ ሁለቴ ሶስቴ ተደጋግሞ ገብቶ ነው ቁጥሩ ሚሞላው። የፋሚኮም፣ የሱፐር ኔንቲዶ፣ የሴጋ ጌሞች ጥሩ ይሰራሉ። የፕሌይስቴሽን 1 ጌሞች ላይ ግን ብዙዎቹ ስቲኮች ይንተፋተፋሉ፣ ድምጹ ይቆራረጣል። ስለዚህ ለኮንትራና ለማሪዮ ከሆነ ግዟት፣ ለኳስ ከሆነ አትግዟት።

ዋናው ችግሯ ሜሞሪዋ ነው። የእህቴ ልጅ ኮዬ ፈጬ ነው ሚኖረው፣ በገዛው በሶስተኛው ሳምንት "ሞተ" ብሎ አመጣልኝ። ከፈትኩት፣ ቲቪው ላይ አርማው ይመጣል፣ ከዛ ጥቁር። ስቲኩ ጎን ላይ ያለችውን ሜሞሪ በጥፍሬ ጫን አድርጌ አወጣኋት፣ ስም የሌላት ጥቁር ሜሞሪ ናት፣ ጀርባዋ ትኩስ ነው። ላፕቶፕ ላይ ስከፍታት ግማሹ ፎልደር ይታያል፣ ኮፒ ማድረግ ስጀምር አንዱ ፋይል ላይ ቆመ፣ አለፍኩት፣ ሌላው ላይ ቆመ። አንድ ሙሉ ማታ ፈጀብኝ፣ የተረፈውን አወጣሁ፣ ካንድ ጎረቤት ተመሳሳይ ስቲክ ላይ የጎደለውን ሞላሁ፣ ደህና ሜሞሪ ገዝተን ጨመርንበት። እስካሁን ትሰራለች። ስቲኩ ምንም አልሆነም ነበር፣ የገዛበት ሱቅ ግን "ጋራንቲ የለውም" ብሎ መልሶታል።

ስለዚህ ከገዛችሁ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሳትጫወቱ፣ ሜሞሪዋን አውጥታችሁ ሙሉውን ላፕቶፕ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ የጎረቤትም ላፕቶፕ ቢሆን። ኃይሉንም ከቲቪው ዩኤስቢ አትስጧት፣ ብዙ ጊዜ አይበቃትም፣ በራሷ እየጠፋች ትበራለች። 5 ቮልት 1 አምፔር ከሚል የስልክ ቻርጀር ስጧት። አጭሯን የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ደግሞ ተጠቀሙባት፣ ስቲኩ ቲቪውና ግድግዳው መሃል ተጣብቆ ሲውል በጣም ይግላል። ጆይስቲኮቹ ቀጭኗን የሪሞት ድንጋይ ነው ሚበሉት፣ ወጪ ውስጥ አስገቡት።

ኦሪጂናሎቹ ትንንሾቹስ? የኔንቲዶ፣ የሴጋ፣ የሶኒ ሚኒ ሚባሉት?

እጅ ከገቡ በጣም ጥሩ ናቸው። የኔንቲዶው ሚኒ እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በ60 ዶላር 30 ጌም ይዞ ወጣ፣ የሱፐር ኔንቲዶው በ2017 በ80 ዶላር 21 ጌም፣ የሴጋው በ2019፣ 42 ጌም። በፋብሪካ ኤችዲኤምአይ ናቸው፣ ከስልክ ቻርጀር ነው ሚሰሩት ስለዚህ የቮልት ጣጣ የለባቸውም፣ ምስላቸው ጥርት ያለ ነው። የሶኒው በ2018 በ100 ዶላር ነው የወጣው፣ 20 ጌም አለው፣ እሱን ግን እኔ አልመክርም ምክንያቱም ከጌሞቹ አንዳንዶቹ ባለ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ሳይሆን 50 ምስል ሚያወጣው) የአውሮፓ ቅጂ ስለሆኑ ይጎተታሉ።

እዚህ ሱቅ ላይ ምታዩት ግን አብዛኛው እነሱ አይደሉም። መልኩ የኔንቲዶ ሆኖ ካርቶኑ ላይ "620 ጌም" ሚል ከሆነ ኮፒ ነው። ኮፒ መሆኑ አይደለም ዋናው ችግሩ፣ ብዙዎቹ በቢጫው ኬብል ነው ሚሰሩት፣ ያው ጭቃ ምስል ይሰጣችኋል። ውጪ ዘመድ ካላችሁና ያገለገለ ሚኒ ከላከላችሁ ግን ተቀበሉ።

ኳስ ነው ምፈልገው፣ ዊኒንግ ኢለቨን። ፕሌይስቴሽን 2 አሁን ይገዛል?

ይገዛል። እኔ ቤቴን ያቆምኩት በሱ ነው። ከ2000 እስከ 2013 ነው የተመረተው፣ በታሪክ ከሱ በላይ የተሸጠ የቤት ኮንሶል የለም፣ ስለዚህ መለዋወጫም ሰሪም አይጠፋም።

ፍላት ቲቪ ላይ ከነ ቢጫ ኬብሉ አትስኩት። ከኮንሶሉ ጀርባ ምትገባ ትንሽ የኤችዲኤምአይ አዳፕተር አለች፣ ርካሽ ናት፣ ብዙ ሱቅ አለች። እሷን ከመስካታችሁ በፊት ግን በቢጫው ኬብል አንዴ አብሩትና ዲስክ ሳታስገቡ ሲስተም ኮንፊገሬሽን ውስጥ ግቡ፣ "ኮምፖነንት ቪዲዮ አውት" ሚለው "አርጂቢ" ላይ ከሆነ ወደ ሌላው፣ ዋይ ብሎ ወደሚጀምረው ቀይሩት። ይሄን ሳያደርጉ ሰክተው ቀለሙ ተበላሽቶ ወይ ጭራሽ ጥቁር ሆኖባቸው አዳፕተሯን ሚመልሱ ብዙ ናቸው። ምስሉ እንደ አዲስ ኮንሶል አይሆንም፣ ግን ከቢጫው ጋ ሲነጻጸር የተጫዋቹ ማሊያ ላይ ያለው ቁጥር ይነበባል፣ እኔ ልዩነቱን ምለካው በዛ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ የፕሌይስቴሽን 1 ዲስክ ስታስገቡበት አንዳንድ ቲቪ በዚች አዳፕተር "ምልክት የለም" ይላል፣ ምክንያቱም የ1 ጌሞች ሚያወጡት ያንን የድሮውን 240 ነው።

ስትገዙ ሌንሱን ፈትኑ። ሁለት አይነት ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከስሩ ሰማያዊ የሆነ ሲዲ እና ብርማ የሆነ ዲቪዲ። አንዱን አንብቦ ሌላውን ሚያቅተው ብዙ ነው፣ ሻጩ ሚያሳያችሁ ሚያነበውን ብቻ ነው። ለዚህ ተብሎ ፕሮግራም ከተጫነበት ሜሞሪ ካርድ ተነስቶ ጌሙን በፍላሽ ሚያጫውትም አለ፣ ይሰራል፣ ግን የዚህ ኮንሶል ዩኤስቢ የድሮው ዝግተኛው ስለሆነ መሃል መሃል ላይ ያሉት ቪዲዮዎች ይቆራረጣሉ፣ ኳሱን ግን ብዙም አይነካውም። መጨረሻ ላይ የወጡት የ90000 ሞዴሎች አንዳንዶቹ ይሄን ሜሞሪ ካርድ አይቀበሉም ስለዚህ ከስሩ ያለውን ቁጥር አንብቡ።

ትንሽ ብጨምር ፕሌይስቴሽን 3 አይሻልም?

ብሩ ካለ ይሻላል፣ እኔ ለቤተሰብ ሚገዛ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ምለው እሱን ነው። ከ2006 ጀምሮ የራሱ ኤችዲኤምአይ አለው፣ አዳፕተር ምናምን የለም። ሁሉም የፕሌይስቴሽን 3 ሞዴል የፕሌይስቴሽን 1 ዲስክ ያነባል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ምስሉንም አሳምሮ ነው ሚያወጣው። የ2 ዲስክ ግን ሚያነቡት የመጀመሪያዎቹ ትልልቆቹ ጥቂት ሞዴሎች ብቻ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በሙቀት ሚሞቱት ናቸው፣ አትፈልጓቸው። ቀጭኑን፣ ከ2009 በኋላ ያለውን ግዙ።

ምንም ብር የለኝም ማለት ይቻላል።

እቤት ያለውን እዩ። ቲቪያችሁ አንድሮይድ ወይም ጉግል ቲቪ ከሆነ ፕሌይስቶር ላይ ሬትሮአርክ ሚባል የድሮ ጌም ሚያጫውት ነጻ አፕ አለ፣ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ ከጓደኛ ተዋሱና በብሉቱዝ አገናኙት፣ ሼር ሚለውንና መሃል ያለውን በተን አንድ ላይ ጫን ብላችሁ መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ሲል ቲቪው ያገኘዋል። ኮንሶል አላስፈለገም።

አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ ደግሞ ከዛም ይበልጣል። ባትሪው የሞተ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቢሆን ግድ የለም፣ ኤችዲኤምአዩ ከሰራ ይበቃል። ባቶሴራ ወይም ላካ ሚባሉ ነጻ ሲስተሞች አሉ፣ ፍላሽ ላይ ይጫናሉ፣ ላፕቶፑ ከፍላሹ ሲነሳ የጌም ማሽን ይሆናል፣ ፍላሹን ስትነቅሉት ወደነበረበት ይመለሳል፣ ውስጥ ያለውን ዊንዶውስም ፋይልም አይነካም። ዳታው ትልቅ ነው ስለዚህ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ አውርዱ። እኔ አሁን እቤት ምጫወተው በዚህ ነው፣ የፕሌይስቴሽን 1 ጌም ከጌም ስቲኳ በብዙ እጥፍ አስተካክሎ ያጫውታል። ሲስተሞቹ ነጻ ናቸው፣ ጌሞቹ ግን አሁንም ባለቤት አላቸው፣ ዲስኩ ያላችሁን ከዲስካችሁ ገልብጡ፣ ሰዎች ሰርተው በነጻ የለቀቋቸውም ብዙ አሉ።

ዳክዬ ሚመታበት ሽጉጥ ፍላት ቲቪ ላይ ለምን አይሰራም?

አይሰራም፣ ተስፋ ቁረጡ። ስትተኩሱ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዳክዬው ያለበት ቦታ ነጭ ይሆናል፣ ሽጉጡ ያንን ነጭ በዛችው ቅጽበት ማየት አለበት። ፍላት ቲቪ ስለሚዘገይ ነጩ ሲመጣ ሽጉጡ ማየቱን ጨርሷል።

ከአሜሪካ የመጣ ኮንሶል ሰጡኝ፣ እዚህ ልሰካው?

ቁሙ! መጀመሪያ ከኮንሶሉ ጀርባ ወይ ከአዳፕተሩ ላይ ያለውን ጽሁፍ አንብቡ። 100-240 ካለ የሶኬቱን ጫፍ ቀይራችሁ ስኩት፣ ችግር የለም። 120 ወይም 100 ብቻ ካለ የኛ 220 በአንዴ ያቃጥለዋል፣ ከ220 ወደ 110 ሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልጋችኋል፣ ኮንሶሉ ከሚበላው ዋት በላይ ሚችል። በነጻ የመጣ ፕሌይስቴሽን 2 ሲቃጠል ፊት ለፊቴ አይቻለሁ፣ ጠረኑ ሁለት ቀን ክፍሉ ውስጥ ነበር።

እኛ ሰፈር መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ሴቭ ያደረግኩት ይጠፋል?

ሴቭ ተደርጎ ያለቀው አይጠፋም፣ ሚበላሸው ሴቭ እያደረገ እያለ መብራት ሲሄድ ነው። ሜሞሪው ላይ እየጻፈ ያለው ፋይል ይበላሻል፣ በተለይ ጌም ስቲክና ፍላሽ ላይ። ስለዚህ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ከጀመረ ሴቭ አታድርጉ፣ አጥፉት። ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው ትንሽ እንኳን ሚይዝ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ትድናላችሁ። ሌላው፣ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉት፣ ሲመለስ ደግሞ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሚጎዳው ሲመለስ ከፍ ብሎ ሚመጣው ኮረንቲ ነው። ለፍሪጅ የገዛችሁት ስታብላይዘር ካለ ቲቪውንና ኮንሶሉን እሱ ላይ አድርጉ፣ ተራ ዲቫይደር ምንም አይከላከልም።

መርካቶ ልግዛ መገናኛ ወይስ በቴሌግራም?

የትም ይሁን፣ ዋናው በርቶ ሳታዩት ብር አለመስጠት ነው። በቴሌግራም ከሆነ ሻጩ ቤት ወይም ቲቪ ያለበት ሱቅ ተገናኙ፣ መንገድ ላይ አይሆንም። ሃያ ደቂቃ አብርታችሁ አቆዩት፣ አብዛኛው ችግር ሲሞቅ ነው ሚወጣው። ሁለቱንም ጆይስቲክ ያዙና እያንዳንዱን በተን ጫኑ፣ አናሎጉን (በአውራ ጣት ሚዞረውን) ልቀቁትና ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ በራሱ ሚሄድ ከሆነ እዩ። ኬብሉን ቀስ አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት፣ ምስሉ ከተቆራረጠ ቀዳዳው ላልቷል ማለት ነው፣ ያ በብየዳ ነው ሚሰራው፣ ዋጋ አስቀንሱበት። ከቻላችሁ ደግሞ የራሳችሁን የኤችዲኤምአይ ኬብል ይዛችሁ ሂዱ፣ ያኔ ሻጩ "ኬብሉ ነው" ማለት አይችልም።